ውርጭ ለልብ መድኀኒት ይሆናልን?

በደባርቅና በዳባት ደጋ ውርጭ የገብስ ጠላት መሆኑን የማያውቅ የለም። ስለዚህ የልብ ሕመም በብርድ ይታከማል ሲባል በሰማሁ ጊዜ አላመንሁም ነበር። ነገር ግን እዚህ ማራኪ አብረውን የሚኖሩት አያቴ የልብ ምት መዛባት ስላለባቸው፥ መምህሬን ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ለአንባብያን አቀርባለሁ።

ጤነኛ ልብ ያረፈ ሰው ዘንድ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ በሥርዓት ይመታል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በተባለው በሽታ ግን የልብ የላይኞቹ ክፍሎች ይንቀጠቀጣሉ እንጂ በወጉ አይጨመቁም። ደሙም በዚያ ተኝቶ ይረጋል፤ የረጋው ወደ አንጎል ቢሄድ ሰውን ባንድ ጊዜ ሽባ ያደርጋል።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1998 በፈረንሳይ አገር፥ በቦርዶ ከተማ፥ ሚሼል ሀይሳጌር የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር 45 በሽተኞችን መርምረው፥ ሁከቱ በአብዛኛው የሚነሣው ደምን ከሳንባ ወደ ልብ ከሚመልሱት ደም ሥሮች መሆኑን ገለጹ። እንግዲህ በዚያ በኩል ያለው መንገድ ቢዘጋ ሁከቱ ወደ ልብ አይዘልቅም ማለት ነው። ለዚሁም ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ ከብሽሽት በደም ሥር በኩል ወደ ልብ ይገባል። በጫፉ ያለው ፊኛ በደም ሥሩ አፍ ላይ ተነፍቶ፥ በናይትረስ ኦክሳይድ ጋዝ 3 ወይም 4 ደቂቃ ያህል በብርቱ ይቀዘቅዛል። የነካው ሥጋ ሞቶ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አንዳንድ ጊዜ ለድያፍራም የሚሄደው ነርቭ ይጐዳል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ይድናል።

እኔን ያሳሰበኝ ፍሬው እስከ መቼ ይቆያል የሚለው ነው። በ2016 በታተመ የ762 ሰዎች ጥናት ማቀዝቀዝ ከማቃጠል ያላነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ሆኖም በሁለቱም ወገን በዓመት ውስጥ ከሦስቱ ሰው ለአንዱ ያህል አልሰመረም። በካናዳ ደግሞ 303 በሽተኞች 3 ዓመት ተጠብቀው፥ በፊኛው ከታከሙት 56.5 በመቶ፥ በመድኀኒት ከጀመሩት 77.2 በመቶ ሁከቱ ተመለሰባቸው። ቍጥሩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ከቆዳ ሥር የተቀበረው መቈጣጠሪያ 30 ሴኮንድ የቆየውን እንኳ ይቈጥር ነበር። ወደማይለቀው ዓይነት የተሸጋገሩት 1.9 በመቶና 7.4 በመቶ ናቸው፤ በእኔ አስተያየት ትልቁ ነገር ይህ ነው። የሚመለስበትም ምክንያት ለደገኛ ግልጽ ነው፤ ውርጭ ቀለል አድርጎ የመታው ቡቃያ ከሥሩ ያቈጠቍጣልና።

የአያቴ ነገር ግን ሌላ ነው። በልጅነታቸው ጉሮሯቸውን ታመው ሳይታከሙ ቀርተው፥ ሩማቲክ የተባለው ትኵሳት የልባቸውን በር አጥብቦታል። ፔኒሲሊን በጊዜው ቢያገኙ ኖሮ ምናልባት ይህ ሁሉ ባልደረሰ። የፊኛው ጥናት የተደረገው በአብዛኛው በራቸው ባልጠበበ ሰዎች ላይ ስለ ሆነ፥ ተስፋውን ለእርሳቸው ማዋል አልቻልሁም። ይልቅስ በ2022 የታተመ፥ ከ4,500 የሚበልጡ የሩማቲክ በሽተኞች የተሳተፉበት ጥናት፥ የቆየው የዋርፋሪን ወገን መድኀኒት ከአዲሱ ከሪቫሮክሳባን ይልቅ ሞትን እንደ ቀነሰ ያሳያል። አያቴ የሚውጡት ዋርፋሪን ነው።

ይህን ሁሉ ስነግራቸው፥ «ታዲያ የኔን ልብ ውርጭ አይንካብኝ በለኛ!» ብለው ሣቁ። በየወሩ ለደም ምርመራ ሲሄዱ የምሸኛቸው እኔ ነኝ።