የመድረክ ንግግርና የሕዝብ አስተያየት

እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ ሲሰነብት ግን መዳብ ነው ይባላል። ለመሆኑ እንግዳውን መዳብ የሚያደርገው ማን ነው? የሱዳን ዋና ከተማ የካርቱም ታሪክ ይህን ለመመርመር ይረዳናል።

ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ በኤርትራ ጦርነት፣ በ1970ዎቹም በኢትዮጵያ በደረሰው ጦርነትና ድርቅ ምክንያት እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ሱዳን ተሰደደ። አብዛኛው በከሰላና በገዳሪፍ አካባቢ ሲሰፍር ሌላው ሥራና ትምህርት ፍለጋ ካርቱም ገባ።

መንግሥት በመድረክ ስለ እንግዳ ተቀባይነቱ ይናገር ነበር። በሰኔ ወር 1972 ዓ.ም. ስለ ስደተኞች ዓለም አቀፍ ጉባኤ በካርቱም ተደረገ፤ እርዳታም ተጠየቀ። ይሁን እንጂ በ1966 ዓ.ም. የወጣው የጥገኝነት ሕግ ስደተኛው ከተመደበለት ስፍራ እንዳይወጣ ይከለክል ነበር። በመሆኑም በከተማይቱ ስደተኞቹ «ከሻ» የሚሉት አፈሳ ይካሄድ ጀመር። የቤት ኪራይ መወደድና የዳቦ እጥረትም በስደተኛው ላይ ይላከክ ነበር።

የሕዝቡ አስተያየት ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። በዳቦ ሰልፍ የቆመው ያጉረመርማል፤ ቤት የሚያከራየውና ሠራተኛ የሚሻው ስደተኛውን ይፈልጋል፤ ደግ ጎረቤትም ሻዩን ያካፍላል።

በመጋቢት ወር 1977 ዓ.ም. የዳቦና የነዳጅ ዋጋ በናረ ጊዜ የካርቱም ሕዝብ አደባባይ ወጣ። በዚያው ወቅት ከረሀብ የሸሹ አዳዲስ ስደተኞች በገፍ ወደ ሱዳን ይገቡ ነበር። ይሁን እንጂ ሰልፈኛው ከሥልጣን ይውረድ ያለው የፕሬዚዳንት ኒሜሪን መንግሥት ነው። መጋቢት 28 ቀንም ኒሜሪ ከሥልጣን ተወገዱ። የኑሮው ውድነት ተጠያቂ ማን እንደሆነ ሕዝቡ በራሱ ሚዛን ለክቶ ነበር ማለት ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ተራው ተለወጠ። ብዙ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። እንግዳውን ወርቅ ወይም መዳብ የማድረጉ ፈንታ የእኛ ሆነ።

ስለዚህ ስለ ስደተኛ የሚነገር ንግግር ስንሰማ ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግና ማስረጃው ምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል።

መልመጃ

1. የመንግሥት ንግግርና ሕጉ የተቃረኑት በምን ነበር?
2. የካርቱም ሕዝብ አስተያየት የተለያየው ለምንድን ነው?
3. «ስደተኛ ኑሮን ያስወድዳል» የሚለውን አባባል ደግፋችሁ ወይም ተቃውማችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ፤ ማስረጃም አቅርቡ።