ሌብልም አማና ነው፦ ከኮራል ፎቶ እስከ እንጦጦ ጽድ



ብዙዎቻችን ለመመረቂያ ጥናትም ሆነ ለኪስ ገንዘብ ፎቶ ላይ ሌብል የማድረግ ሥራ እንሠራለን። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ፎቶውን ከፍቶ፣ ስም መርጦ ማለፍ ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሚማረው ከእኛው ምልክት ነው። እኛ በችኮላ የተሳሳትነውን እሱ እውነት ብሎ ይይዘዋል፤ በሺህ ፎቶዎችም ላይ ይደግመዋል።

ዘዴው በደንብ ከዳበረባቸው መስኮች አንዱ የኮራል ጥናት ነው። ጠላቂዎች የባሕሩን ወለል ፎቶ ያነሣሉ። እንደ ኮራልኔት ያለ ሶፍትዌር በፎቶው ላይ ነጥቦችን በዕጣ ይበትናል። አጥኚው እያንዳንዱ ነጥብ ያረፈበትን ይሰይማል፦ ኮራል፣ አልጌ፣ አሸዋ። ከ100 ነጥብ 30ው ኮራል ላይ ካረፈ፣ ኮራሉ ከወለሉ 30 በመቶ ገደማውን ሸፍኗል ማለት ነው። አስቸጋሪው ነገር አንድ የኮራል ዝርያ እንደ ብርሃኑና እንደ ጥልቀቱ መልኩን መለዋወጡ ነው።

እኛ ባሕር የለንም፤ ከደጃችን ግን የየካና የእንጦጦ ተራሮች አሉ። ዘዴውን ወደዚያ እንውሰደው።

አንደኛ፣ አንዱን ዛፍ ሁለት እንዳናደርገው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ነጭ ባህር ዛፍ በለጋነቱ ቅጠሉ ሰፊና ብርማ ሰማያዊ ነው፤ ሲያድግ ግን እንደ ማጭድ ቀጥኖ ይረዝማል። ጀማሪ ሁለት የተለያዩ ዛፎች አድርጎ ይመዘግበዋል።

ሁለተኛ፣ ሁለቱን አንድ እንዳናደርጋቸው። የሐበሻ ጽድና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጽድ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። የሐበሻው ፍሬ ትንሽና ክብ ሆኖ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይሄዳል፤ የፈረንጁ እንደ እንጨት ደርቆ ይሰነጠቃል። ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም። ሁለቱን ብናደባልቅ፣ የተጎዳው አገር በቀል ደን ሳያገግም «አገግሟል» የሚል ካርታ እናወጣለን፤ ችግኝ የሚተከልበት ቦታም በዚያው ካርታ ሊወሰን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ፍሬው ካልታየንና ካልለየን «አልታወቀም» የሚል ሌብል ይኑረን። ኢማሙ ማሊክ (ረሒመሁላህ) ከሩቅ አገር ለመጣ ጠያቂ ሳይቀር «አላውቅም» ይሉ እንደነበር ይተረካል። እሳቸው ያላፈሩበትን እኛ ለምን እናፍርበታለን?

አሁን ሥራችንን እንመዝን። ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ ያንኑ 100 ነጥብ ይሰይሙ። በ84ቱ ተስማሙ እንበል። ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱም 90ውን «ባህር ዛፍ»፣ 10ሩን «ጽድ» ብለው ከሆነ፣ በአጋጣሚ ብቻ የሚስማሙበት መጠን 0.9×0.9 ሲደመር 0.1×0.1፣ ማለትም 0.82 ነው። የኮኸን ካፓ የሚባለው መለኪያ ይህን አጋጣሚ ይቀንሳል፦ (0.84−0.82) ሲካፈል ለ(1−0.82) ወደ 0.11 ይሆናል። ይህ ደካማ ስምምነት ነው። ሁለቱም ግማሽ በግማሽ ሰይመው ቢሆን ኖሮ፣ ያው 84 ካፓውን 0.68 ያደርሰው ነበር። ባህር ዛፍ በሞላበት ተራራ ላይ «84 በመቶ ተስማማን» ማለት ብዙ አይነግረንም። የልዩነቱን 16 ነጥብ አብሮ ተቀምጦ ማየት፣ መመሪያውን ማስተካከል፣ እንደገና መሰየም ያስፈልጋል።

በመጨረሻም የአንድ ዛፍ ፎቶዎችን ለማስተማሪያና ለመፈተኛ አንከፋፍል። ሞዴሉ ያንኑ ዛፍ አስታውሶ ቢመልስ ዝርያውን ለየ አይባልም።

ሌብላችንን ተቆጣጣሪ ሁሉንም አያየውም። ከኋላችን የሚመጣው አጥኚ ግን አምኖን ይጠቀምበታል፤ አማና የሚሆነው ለዚህ ነው። በሚቀጥለው የእረፍት ቀን ስልካችንን ይዘን ወደ ተራራው እንውጣና ኢንሻአላህ በ20 ፎቶ እንጀምር።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን።