ሳይነኩት የሚደክም ላፕቶፕ

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ሊኑክስ በተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ የጽሕፈት ሥራ እሠራለሁ። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ቶሎ ያልቅብኛል። ምንም ሳልነካው እንኳ ኤክስኦርግ የሚባለው ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን ይይዘዋል። ማውዙ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ግን ከመወንጀልዎ በፊት ያጣሩ። ስክሪኑን የሚስለው ኤክስኦርግ ኪቦርዱንና ማውዙን «የመጣ ነገር አለ?» እያለ መነዝነዝ የለበትም፤ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል እስኪቀሰቅሰው ይተኛል።

ፓወርቶፕ (powertop) የሚባለውን መለኪያ ከፍተው ኤክስኦርግ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነቃ ይዩ። ከበዛ አንድ ፕሮግራም ለከርነሉ የሚያቀርባቸውን ጥሪዎች የሚዘረዝረውን ኤስትሬስን (strace) ኤክስኦርግ ላይ ያስነሡ፤ ውጤቱን ግን ወደ ፋይል ይላኩት። ስክሪኑ ላይ ካወጡት ጽሑፉን የሚስለው ራሱ ኤክስኦርግ ስለሆነ የሚለኩት የራስዎን ልኬት ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እጅዎን አንሥተው ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ።

ከዚያ ፋይሉን ይመልከቱ፦ ኤክስኦርግ መሣሪያዎቹን የሚያነብበት ጥሪ ባዶ እጁን እየተመለሰ የሚደጋገም ከሆነ ጥፋቱ የድራይቨሩ ወይም የኤክስኦርግ ነው፤ አዲሱን እትም ይጫኑ። በየንባቡ ዳታ ከመጣ ግን የሚለፈልፈው መሣሪያው ነው፦ የተበላሸ ታችፓድ፣ ወይም በአንዳንድ ቲንክፓዶች ላይ እንደ ጆይስቲክ የሚታይ የእንቅስቃሴ ሴንሰር። በኤክስኢንፑት (xinput) ትእዛዝ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እያጠፉ ይለዩት። ሁለቱም ካልሆነ ብሮውዘርዎ ላይ የሚወዛወዝ ማስታወቂያ ይፈልጉ፤ ኤክስኦርግ የታዘዘውን እየሣለ ነው።

ወደ ማውዙ ስንመለስ፣ ተራ የዩኤስቢ ማውዝ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 125 ጊዜ ይጠየቃል፤ እውነት ነው። ጠያቂው ግን የዩኤስቢ መቆጣጠሪያው ቺፕ ነው፤ ማውዙ ዝም ካለ ፕሮሰሰሩ አይቀሰቀስም።