ልጅ ይዞ በረዶ ላይ መዋል

ዴንቨርና አውሮራ ያለን ሐበሾች ተራራውን በየቀኑ እናየዋለን እንጂ ብዙዎቻችን አንወጣውም። የሚያወጡን ልጆቹ ናቸው። ሰኞ ዕለት የክፍል ጓደኞቻቸውን ወሬ ሰምተው ይመጡና «እኛስ መቼ ነው?» ይላሉ። «በረዶ የኛ ነገር አይደለም» ለሚል አባት መልስ አለ፤ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒኮች በአገር አቋራጭ ስኪ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል። ስኖውቦርድ ደግሞ ከመነሻው የልጅ መጫወቻ ነበር። ሸርማን ፖፕን የተባለ የሚሺጋን ሰው በ1965 የገና ዕለት ሁለት ስኪ ጎን ለጎን አያይዞ ለሴት ልጆቹ የሠራው ነገር ነው እያደገ ሄዶ በ1998 ናጋኖ ላይ ኦሊምፒክ የገባው።

ከዚህ በታች ያለው የራሱን ልጅ ይዞ ለሚወጣ ወላጅም፣ በበረዶው ወራት አስተማሪ ሆኖ መሥራት ለሚያስብ ወጣትም ይሆናል። ለመቀጠር አየር ላይ መገለባበጥ አይጠበቅባችሁም። የበረዶ ማዕከሎቹ ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት አዲስ ሰው ያሠለጥናሉ፤ የአሜሪካ የስኖውቦርድ አስተማሪዎች ማኅበር የሚሰጠው የመጀመሪያ ደረጃ ማረጋገጫ ኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ጤነኛ ወገብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የወደቀ ልጅ ሲያነሱ መዋል ቀላል አይደለም።

ደረጃ 1፦ ልብሱን ማታውኑ ጨርሱ

ጥጥ የልጁ ገላ ላይ አይድረስ። ጥጥ ላብና የቀለጠ በረዶ ይጠጣል፣ ቶሎም አይደርቅም፤ ልጁን የሚያንቀጠቅጠው ብዙውን ጊዜ የውጭው ብርድ ሳይሆን ገላው ላይ የተጣበቀው እርጥብ ካናቴራ ነው። ከሥር ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ ከዚያ ፍሊስ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ ይልበስ። ጋቢው መኪና ውስጥ ይቆይ፤ ለመልሱ መንገድ ከሱ የሚሻል የለም።

ካልሲ አንድ ብቻ ነው። ሁለት የሚደርብ ወላጅ አዝኖ ነው፤ ነገር ግን የተደረበ ካልሲ እየተጨማደደ እግር ይልጣል፣ ጫማውንም አጥብቦ የደም ዝውውር ስለሚያውክ እግሩ ይብሱን ይቀዘቅዛል። ጓንቱ አራቱ ጣቶች አብረው የሚገቡበት ዓይነት ይሁን። ትንሽ ልጅ አምስቱን ጣት በየቀዳዳው እስኪያገባ ግማሽ ጠዋት ያልቃል። ሄልሜትና የበረዶ መነጽር ያለ ክርክር ይደረጋሉ። የእጅ አንጓ መከላከያም ጨምሩበት፤ ጀማሪ አብዝቶ የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው።

ቦርዱን ለመጀመሪያው ዓመት ተከራዩ። ሲቆም ከልጁ ደረት በላይ፣ ከአገጩ በታች ቢደርስ በቂ ነው። «ያድግበታል» ብሎ ረጅም መውሰድ ለሱሪ እንጂ ለቦርድ አይሠራም።

የትኛው እግር ፊት እንደሚሆን ቤት ውስጥ ይታወቃል። ልጁ በካልሲው የወጥ ቤት ወለል ላይ ሮጦ ይንሸራተት፤ ያስቀደመው እግር ቦርዱም ላይ ይቀድማል። ከኋላ ገፍቶ የትኛውን እግር እንደሚዘረጋ ማየት የሚሉትን ዘዴ እኔ አልወደውም። የሚገፈትር አስተማሪን ልጅ በኋላ «እጅህን ስጠኝ» ሲለው አያምነውም።

ደረጃ 2፦ መንገዱና ከፍታው

ጎህ ሳይቀድ ውጡ፤ ኢንተርስቴት 70 ቅዳሜ ጠዋት ይቆማል። ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የጎማ ሕግ አለ። የጎማው ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች ሆኖ ወይ ጎማው ለበረዶ የተሠራ፣ ወይ መኪናው በአራቱም ጎማ የሚነዳ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ሰንሰለት መያዝ አለባችሁ።

ለጀማሪ ላቭላንድን እመርጣለሁ። አይዘንሃወር ዋሻ ከመግባታችሁ በፊት ታገኙታላችሁ፣ ጀማሪ ብቻ የሚማርበት ለብቻው የሆነ ሸለቆም አለው። ግርጌው 3,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሺህ ሜትር ያህል ይበልጣል ማለት ነው። «እኛ የደጋ ሰዎች ነን» የሚለው ኩራት እዚህ ብዙ አያስኬድም። ሰውነት ከፍታ የሚለምደው እዚያው ሲኖር ነው፤ ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ዓመታት ከተቀመጣችሁ ልማዱ ለቋችኋል፣ እዚህ የተወለደው ልጅ ደግሞ ጭራሽ አልነበረውም። ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው ወይም ያለ ምክንያት ካለቀሰ ውሃ አጠጡትና አሳርፉት። ካልተሻለው ይዛችሁት ውረዱ፤ ትኬቱ ተከፍሎበታል ብላችሁ አትቆዩ።

የጸሐይ ክሬም አትርሱ። አዲስ በረዶ ጎጂውን ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ቃጠሎው ከታችም ይመጣል፤ አገጭ ሥርና አፍንጫ ሥርም ይቀባል። ጠይም ቆዳም ይቃጠላል።

ሽንት ቤት ሁሉም ልብስ ከመልበሱ በፊት። ይህን የማይሰማ ሰው አንድ ጊዜ ከነሙሉ ልብሱ «ሽንቴ መጣ» የሚል ልጅ ሲገጥመው ይሰማል።

ደረጃ 3፦ ሜዳ ላይ

ጫማውን ስታስሩ የልጁ ተረከዝ ወደ ላይ እንዳይነሳ አጥብቁ፣ ጣቶቹ ግን ይንቀሳቀሱ። የቦርዱ ማሰሪያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከጫማው ሥር የተጋገረውን በረዶ ጠርጉለት፤ ካልጠረጋችሁ ማሰሪያው የጠበቀ ይመስላል እንጂ አይጠብቅም።

ከዚያ መውደቅ ይማራል። ወደ ፊት ሲወድቅ እጁን ጨብጦ በክንዱና በጉልበቱ፣ ወደ ኋላ ሲወድቅ አገጩን ደረቱ ላይ አድርጎ እጆቹን አቅፎ በመቀመጫው። መዳፉን ዘርግቶ መሬት የሚፈልግ ልጅ አንጓው ይሰበራል። ቀጥሎ የፊት እግሩን ብቻ አስራችሁ በሌላው እየገፋ ይሂድ። ሰልችቶት ከማጉረምረሙ በፊት ወደ ቁልቁለቱ እለፉ።

ደረጃ 4፦ የተረከዝ ጠርዝ

እዚህ ላይ ቆዩ። የስኖውቦርድ ነገር ሁሉ ከዚህ ነው የሚጀምረው።

ለስለስ ያለ ቁልቁለት ምረጡ፤ ልጆች በሚንቀሳቀስ ምንጣፍ የሚወጡበት ቦታ ይበቃል። ሁለቱም እግሮቹ ታስረው፣ ቦርዱ ቁልቁለቱን ተሻግሮ ተጋድሞ፣ ልጁ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ይቁም። እናንተ ከሥሩ ፊት ለፊቱ ሁኑ። መዳፋችሁን ወደ ላይ ዘርግታችሁ የሱን እጆች ያሳርፍባችሁ፤ እናንተ አትጨብጡት፣ እሱ ይያዛችሁ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የተጨበጠ ልጅ ክብደቱን ሁሉ ሰጥቷችሁ ይንጠለጠላል፣ ራሱ የያዘ ልጅ ግን እግሩ ላይ ይቆማል።

አሁን የእግሩን ጣቶች ወደ ላይ ሲያነሳ ቦርዱ በተረከዙ በኩል በረዶውን ይነክስና ይቆማል። ጣቶቹን ትንሽ ሲለቅ ይንሸራተታል። «ትንሽ» የሚለው ቃል ለ6 ዓመት ልጅ ምንም ማለት ስላልሆነ አታብራሩ፤ አስጫውቱት። «አረንጓዴ» ስትሉ ይሂድ፣ «ቀይ» ስትሉ ይቁም። ሁለት ሦስት ጊዜ ከወረዳችሁ በኋላ መብራቱን ለሱ ስጡት፤ እሱ ይዘዝ፣ እናንተ ቁሙ። ሰው ማዘዝ የቻለ ልጅ መፍራቱን ይረሳል።

አብዛኛው ልጅ ቦርዱን ያያል። አንገቱ ሲያቀረቅር ወገቡ ወደ ኋላ ይወጣል፣ ይቀመጣል። «ቀና በል» ብትሉት ለአንድ አፍታ ቀና ብሎ ይመለሳል። ይልቅ አንድ እጃችሁን አላቁና «ስንት ጣት ነው?» በሉት። ሲቆጥር ቀና ይላል፣ ሲወርድም ይቆጥራል።

ያለ እናንተ እጅ መቆም ከቻለ፣ ወደ ግራ እያየ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያየ ወደ ቀኝ እየተንሳፈፈ ይውረድ። ዓይኑ የሄደበት ትከሻው ይሄዳል፣ ቦርዱም ትከሻውን ይከተላል።

ለዚህም ነው ወላጆች ከአጥሩ ዞር እንዲሉ የምለምነው። እናት ከዳር ሆና «ቀስ በል! ተጠንቀቅ!» ስትል ልጁ ድምፁ ወደመጣበት ይዞራል፣ ቦርዱ አብሮት ይዞራል፣ ወደ ቁልቁለቱ ያለው ጠርዝ በረዶውን ይነክሳል፣ ልጁ ይፈነገላል። ከዚያ እናትየው «አላልኩም!» ትላለች። የማዕከሉ ሻይ ቤት ከላይ መስኮት አለው፤ ሁሉም ነገር ከዚያ ይታያል፣ ድምፅ ግን አይወጣም።

ደረጃ 5፦ የጣት ጠርዝና መዞር

አሁን ልጁ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ጀርባውን ለቁልቁለቱ ይሰጣል። የማያየው ነገር ስለሚያስፈራው ይህ ከቀደመው ይከብዳል። እናንተ ከላዩ ፊት ለፊቱ ቁሙና እጃችሁን ስጡት። «ቁምሳጥኑ ላይ የተደበቀውን ብስኩት እንደምታወርድ ሁን» በሉት፤ በጣቶቹ ቆሞ ጉልበቱን ወደ በረዶው ይገፋል።

መዞር ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ማለፍ ነው። በመሀሉ ቦርዱ ለአፍታ አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይመለከታል፤ ልጁ የሚደነግጠው በዚያች ቅጽበት ነው። ደንግጦ ወደ ኋላ ከተቀመጠ የፊቱ ጫፍ ይቀልና ቦርዱ አይታዘዝም። ስለዚህ ክብደቱ የፊት እግሩ ላይ መቆየት አለበት። እኔ ጓንት ወይም ትንሽ አሻንጉሊት በረዶው ላይ አስቀምጬ «ዞረኸው ና» እላለሁ። ማብራሪያ የለም። አዋቂ ተማሪ ምክንያቱን ካልነገራችሁት አይንቀሳቀስም፤ ልጅ ምክንያቱን ስትነግሩት ይሳሳታል።

ከ7 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የመጀመሪያውን ቀን በተረከዝ ጠርዝ ብቻ ቢጨርስ ምንም አልጎደለበትም።

ደረጃ 6፦ ወንበር ሊፍት

በሁለቱም ጠርዝ መቆም ያልቻለ ልጅ ወንበር ሊፍት ላይ አይወጣም። ሲወጣ የፊት እግሩ ብቻ ይታሰር፣ ጀርባው ወንበሩን ይንካ፣ መከላከያው ብረት ወዲያው ይውረድ። «ልጅ አለ» ብላችሁ ለኦፕሬተሩ ምልክት ስትሰጡ ያቀዘቅዝላችኋል። ስትወርዱ ቦርዱ ቀጥ ይበል፣ ነፃው እግር በሁለቱ ማሰሪያዎች መሀል ይረፍ።

ቀኑን ልጁ ከማልቀሱ በፊት ዝጉ። «አንዴ ብቻ እንጨምር» የተባለበት የደከመ እግር ነው ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚያመጣው። ለወላጅ የቻለውን አንድ ነገር፣ በሚቀጥለው የሚማረውንም አንድ ነገር ንገሩ። የኛ አባቶች «ከክፍሉ ስንተኛ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ደረጃ አልሰጥም።

ደረጃ 7፦ ፓውደር (ያልተደለደለ አዲስ በረዶ)

አስተማሪ የሚቀናው ማታ 30 ሴንቲ ሜትር አዲስ በረዶ ወርዶ በማግስቱ የትንንሾቹ ክፍል ሲደርሰው ነው። ጓደኞቹ ከላይ እየጮኹ ይወርዳሉ፣ እሱ ምንጣፉ አጠገብ አፍንጫ ይጠርጋል። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ቀን ለጣት ጠርዝ አስቀምጠዋለሁ። መውደቅ ስለማያሳምም ልጁ ይደፍራል። በማሽን የተደለደለውን መንገድ ዳር ዳር ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥልቁ ውስጥ ካስገባችሁት ትንሽ ልጅ ፍጥነት ስለሌለው ተተክሎ ይቀራል።

የራሳችሁ ቀን ሲደርስ ደግሞ የተደለደለ በረዶ ላይ ከለመዳችሁት ጥቂት ነገር መለወጥ አለባችሁ። ማሰሪያዎቹን አንድ ቀዳዳ ወደ ኋላ አዛውሩ። የቦርዱ አፍንጫ ከበረዶው በላይ እንዲቆይ ክብደታችሁን በትንሹ ወደ ኋላ እግር መልሱ፤ ብዙ ከመለሳችሁ ታፋችሁ በሦስት ዙር ይቃጠላል። ጠርዝ አትንከሱ። ሰፋፊ ዙር ዙሩ፣ ፍጥነታችሁን አትግደሉ፣ ሜዳው ከመድረሱ በፊት ቀጥ ብላችሁ ልቀቁ። ጥልቁ ውስጥ ከወደቃችሁ በእጅ ለመነሳት አትታገሉ፤ እጅ እስከ ብብት ይሰምጣል። የኋላ እግራችሁን ፈትታችሁ ቦርዱን እንደ መደገፊያ ተጫኑትና ተነሱ።

ዛፍ መሀል ብቻችሁን አትግቡ። የጥድ ዝቅተኛ ቅርንጫፎች በረዶውን ስለሚያስቀሩት ግንዱ ዙሪያ ልል ጉድጓድ ይፈጠራል፤ ላዩ ተሸፍኖ አይታይም። በጭንቅላቱ ተዘቅዝቆ የገባበት ሰው ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይወጣም፤ እየታፈነ ይሞታል። ጓደኛችሁን ከዓይናችሁ አታውጡ፣ ፉጨት አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉ። ሰው ከገባ እግሩን ይዛችሁ በመጣበት አትጎትቱት፤ ጭንቅላቱ ያለበትን ገምታችሁ ከጎን ቆፍሩና መጀመሪያ አፉንና አፍንጫውን ክፈቱ።

ገመዱን አትሻገሩ። ከማዕከሉ ክልል ውጭ ያለው ተዳፋት በማንም ያልተፈተነ ነው፤ ናዳ የሚበዛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ላይ ነው፣ ማለትም ለመንዳት በጣም በሚያምረው ላይ። የናዳ ሥልጠና፣ ምልክት አስተላላፊ መሣሪያ፣ አካፋና መፈለጊያ ዘንግ ከሌላችሁ፣ የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል የዕለቱን ትንበያም ካላያችሁ፣ በክልሉ ውስጥ ያለው ፓውደር ይበቃችኋል።

ደረጃ 8፦ ቤት ስትገቡ

የጫማውን የውስጥ ክፍል አውጥታችሁ ለየብቻ አድርቁ፤ ማሞቂያ ላይ አትለጥፉት፣ ይበላሻል። የቦርዱን ብረት ጠርዝ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ካልጠረጋችሁት በማግስቱ ይዝጋል። የልጁን ጓንት ገልብጡና አስጡ። እሱ ራሱ መኪና ውስጥ ስለተኛ ጫማውን እናንተ ናችሁ የምታወልቁለት፤ ማሰሪያውን እስከ ታች ድረስ አላልታችሁ ካልሆነ አይወጣም።