የፓይን ሽታ ያለው ሽቶ ቤት ውስጥ ለምትሠሩ

ሽቶ ራሳችሁ ቀምማችሁ የምትጠቀሙ ወይም የምትሸጡ ካላችሁ ይቺን አንብቧት።

ፓይን ከሚባለው ጥድ መሰል ዛፍ የሚወጣው ዘይት ደስ የሚል የጫካ ሽታ አለው። ለዚህ ሽታ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ፓይኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው።

ችግሩ ምንድን ነው? ጠርሙሱ ተከፍቶ ሲቆይ ዘይቱ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይዋሃድና ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል። ቆዳን አለርጂ የሚያስይዘው በዋናነት ይሄ ነው። ለዚህም ነው ዓለም አቀፉ የሽቶ ማኅበር (ኢፍራ) መጠኑ በሊትር ከ10 ሚሊሞል በታች እንዲሆን የሚያዘው። ስለዚህ «ተፈጥሯዊ ነው፣ ምንም አያደርግም» አትበሉ። ቆዳ አንዴ አለርጂ ከያዘው ብዙ ጊዜ አይለቀውም፤ ትንሽ ጠብታም ይቀሰቅሰዋል።

ቤት ውስጥ መለካት ስለማይቻል እኔ የምመክራችሁ፦

✅ በትንሽ ጥቁር ጠርሙስ ግዙ፤ የከፈታችሁበትን ቀን ጻፉበት።
✅ ግጥም አድርጋችሁ ክደኑ፤ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አስቀምጡ።
✅ ሽታው ከተቀየረ ወይም ከወፈረ ጣሉት።
✅ ሳታቀጥኑት ቆዳ ላይ አታድርጉ፤ ስትሠሩ ጓንት ልበሱ።
✅ ከልጆች አርቁ። ልጅ ከጠጣው አታስመልሱት፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ሽቶውን ከተቀባችሁ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ የሚያሳክክ ሽፍታ ከወጣባችሁ፣ አቁሙና ሐኪም አማክሩ።

ሽቶ ለሚሠራ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።