ውሻችሁ ሲያረጅ አካሄዱን ተመልከቱ

አንባቢ ገበሬዎች ሆይ! ከብታችሁንና ግቢያችሁን ሌት ተቀን የጠበቀ ውሻ፣ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ተጋድሞ ቢጮህ «ሰነፈ» ብላችሁ አትፍረዱበት። ዱላም አታንሡ። መነሣቱ አሞት ይሆናል።

በአጥንትና በአጥንት መገጣጠሚያ ላይ ለስላሳ ልባስ አለ። ዕድሜ ሲገፋ ልባሱ ይሳሳል፤ መገጣጠሚያውም ያብጣል፣ ያማል። ግራሶ ያለቀበትን የጋሪ እግር አስቡ። ይዞራል፤ ግን እያቃሰተ ነው።

ውሻ አመመኝ አይልም፤ ብዙ ጊዜም አይጮህም። ስለዚህ ጠዋት ከተኛበት ሲነሣ ተመልከቱት። የፊት እግሮቹን ተክሎ የኋላውን እየጎተተ ይነሣል? ጥቂት ካነከሰ በኋላ ይፍታታል? ዋናው ምልክት ይሄ ነው። ደግሞም ደረጃ ላይ ያመነታል። አንድ ቦታ ደጋግሞ ይልሳል። የታመመው እግር ጭን ከሌላው ይከሳል። ልጆች ዳሌውን ሲነኩት ቢያጉረመርም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አሞት ነው። በትልልቅ ውሾች ላይ ይህ ቶሎ ይመጣል።

ፊደል መቁጠራችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ደብተር አውጡና ያያችሁትን ጻፉ። ለምሳሌ፦ «ሰኞ ጠዋት። የኋላ ግራ እግር። እስከ በሩ አነከሰ። ከዚያ ተሻለው።» ለ2 ሳምንት እንዲህ ጽፋችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። ውሻው ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ደንግጦ ደኅና ሊራመድ ይችላል። ጽሑፉ ግን አይደነግጥም።

በነፋስ ስልክ፣ በለቡና በጀሞ በኩል፣ ብዙው የእርሻ መሬት ቤት ተሠርቶበታል። መስክ ለመስክ ይሮጥ የነበረው ውሻ በር ላይ ታስሮ ሲሚንቶ ላይ ያድራል። የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ብርድ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ያመመውን ውሻ ይብስበታል። ነፋስ በማይመታው ጥግ ገለባ ወይም ጆንያ አንጥፉለት። ፍቱትና በቀን 2 ጊዜ ቀስ ብሎ ይራመድ። የጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ ካልተቆጠረ ወፍሯልና ምግቡን ቀንሱለት፤ ሸክሙ የሚያርፈው እዚያው መገጣጠሚያ ላይ ነው።

የሰው ማስታገሻ ግን አትስጡት። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፤ ሊገድሉትም ይችላሉ። መድኃኒቱን የእንስሳት ሐኪም ይዘዝ።

አንድ ነገር ለዩ። የመገጣጠሚያ ሕመም በወራት ቀስ እያለ ይመጣል። ውሻው በጥቂት ቀን ውስጥ እግሩ ከተሳሰረ፣ መንጋጋው ከወደቀ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ድምፁም ከተለወጠ ግን እርጅና ነው አትበሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። «አጥንት አንቆት ነው» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳታስገቡ! ልጆችን አርቁ፤ ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ። ሰው ከነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስል ከነካ፣ ቦታውን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ክትባቱ የሚያድነው ምልክቱ በሰው ላይ ሳይታይ ነው፤ ስለዚህ ነገ እንሄዳለን አይባልም።