ባለጢም አይሪስ በቀራንዮ ግቢ

የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የአትክልት መጻሕፍት ባለጢም አይሪስ በሐምሌና በነሐሴ እንዲተከል ይመክራሉ። ምክሩ ለተጻፈበት አገር ትክክል ነው። በአዲስ አበባ ምዕራብ በምትገኘው ቀራንዮ ግን እነዚህ ወራት ዝናቡ የሚበረታባቸው ስለሆኑ፣ ቃል በቃል መከተሉ ተክሉን ለብስባሴ አሳልፎ መስጠት ይሆናል። ምክንያቱን እንመልከት።

የአይሪስ ግንድ እንደ ዝንጅብል አግድም የሚያድግና ምግብ የሚያከማች ሲሆን ሪዞም ይባላል። «ጢም» የተባለው በአበባው ወደ ታች የታጠፉ ክፍሎች ላይ የሚታየው የጸጉር ረድፍ ነው። ሪዞሙ ድርቅን ይችላል፤ ውሃ ባቆረ አፈር ውስጥ መክረምን ግን አይችልም። አፈሩ ኦክስጅን ሲያጣ ሥሮቹ ይዳከማሉ፤ ፔክቶባክቴሪየም የተባለው ባክቴሪያም በቁስል በኩል ገብቶ ሕዋሳትን የሚያያይዘውን ፔክቲን ያሟሟል። ያን ጊዜ ሪዞሙ ይላሽቃል፤ ይከረፋልም። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ፣ መረሬ አፈር ባለበት ግቢ አደጋው ይብሳል።

ስለዚህ ተከላውን ወደ ጥቅምት እናዞራለን። ፀሐይ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት የሚያገኝ ቦታ መርጠን መደቡን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ እናደርጋለን። ትኩስ ፍግ አንጨምርም፤ የናይትሮጅን ብዛት ልል ቅጠል ያበዛል፣ ብስባሴንም ይጋብዛል። ሪዞሙን በትንሽ ጉብታ ላይ አስቀምጠን ሥሮቹን ግራና ቀኝ ወደ ታች እንዘረጋለን፤ ጀርባው ከአፈር በላይ ይቀራል። በሞቃት ቆላ ቢሆን ከፀሐይ የሚከልለው ስስ አፈር ያሻው ነበር፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ቀራንዮ ግን አያሻውም። ሥር እስኪይዝ የአፈሩ ገጽ ሲደርቅ ውሃ እናጠጣለን፤ ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ይበቃል። በየሦስት ወይም አራት ዓመቱ ዝናቡ ሲወጣ ነቅሎ መከፋፈል ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ማስበቡ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች እምቡጥ ለመቋጠር ለሳምንታት የሚቆይ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶቻችን ቢቀዘቅዙም ቀኑ ይሞቃልና ቅጠል ብቻ ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ። በእኛ አስተያየት መጀመሪያ ሊሞከር የሚገባው ነጩ አይሪስ አልቢካንስ ነው። የትውልድ ስፍራው ከቀይ ባሕር ማዶ የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ ሲሆን፣ ሙስሊሞች በመቃብር ላይ ስለሚተክሉት እስከ ስፔን ተዳርሷል።

ግቢው ውሃ የሚያቁር ከሆነ ግን ከዚሁ የአይሪስ ቤተሰብ የሚመደበውና በኢትዮጵያ የሚበቅለው ነጭ አበባ ያለው ግላዲዮለስ ይመረጣል፤ እርሱ በዝናብ ወራት አድጎ በደረቁ ወቅት ያርፋል።